ጣዝማ በእቴ ጥሩ ጓሮ

ባለፈው መስከረም ማለቂያ ላይ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ሉማሜ ሲደርስ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩና ረዳቱ ጎማ እስኪቀይሩ እግሬን ላፍታታ ብዬ ከአስፋልቱ ወረድኩ። ነፋሱ ከማሳው በኩል ሲመጣ የባቄላ አበባ ሽታ ይዞ መጣ። የባቄላን አበባ ሽታ ለማያውቅ ሰው እንዴት ብዬ እንደምነግረው አላውቅም። ይጣፍጣል፣ ግን እንደ ሽቶ አያፍንም። ከዝናብ በኋላ ያለ አፈር ትንሽ ይቀላቀልበታል። እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩና የስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያን ዓመት የከረምኩት ሉማሜ ዳር፣ አክስቴ ቤት ነው። ምክንያቱ ሳል ነበር። ደብረ ማርቆስ የነበረው ቤታችን ከወፍጮ ቤት ጎን ስለሆነ የዱቄቱ ብናኝ በበርም በመስኮትም ይገባል። ክረምቱ ሲበረታ ሳሌም በረታ። እናቴ ደረቴን ቅባት ስታሽ ታድራለች። በመጨረሻ አባቴ፣

«እህቴ ዘንድ ትሂድ። ትምህርቷንም እዚያው ትማር። አየሩ ጥሩ ነው፤ ደግሞ ጣዝማም አይጠፋም» አለ።

ጣዝማ የሚባል ነገር ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። የሰው ስም መሰለኝ። ጣዝማ የምትባል፣ እጇ ሞቅ ያለ፣ ወፍራም ሴትዮ አሰብኩ። አክስቴ ቤት የደረስኩ ዕለት ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣

«ጣዝማ የት ናት?» ብዬ ጠየቅኩ።

አክስቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ጣዝማ ሴትዮ አይደለችም የኔ እናት፤ ንብ ናት። ዝንብ የምታክል፣ መሬት ውስጥ የምትኖር፣ መናደፍ የማታውቅ ንብ። ማሯ ለሳል መድኃኒት ነው ይባላል። ግን አሁን የት ትገኛለች? እኔ ልጅ ሳለሁ በየዳገቱ ነበረች። ካየኋት ዓመታት አለፉ።»

አክስቴ ጥሩወርቅ ትባላለች። እኛ እቴ ጥሩ ነው የምንላት። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿም አድገው በየፊናቸው ሄደዋል። ብቻዋን ናት፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ብቸኛ መስላ አይቻት አላውቅም። ጓሮዋ ነበራታ። ጎመኑ፣ ጌሾው፣ ጤና አዳሙ፣ በአጥሩ ላይ የሚሳበው ዱባ። በተለይ ዱባዋ የታወቀ ነበር። ገበያ ላይ «የጥሩ ዱባ ነው» ከተባለ ገዢው አያገላብጠውም፤ ዝም ብሎ ያነሳዋል።

የዚያ ዓመት ዱባ ግን እንቢ አለ።

ሐረጉ ለምለም ነው፤ ቅጠሉ የእኔን ጭንቅላት ይሸፍናል። አበባውም በየማለዳው ቢጫ ሆኖ ይፈካል። ከአንዳንዱ አበባ ሥር አውራ ጣት የምታክል ዱባ ትታያለች። ታድጋለች ብለን ስንጠብቅ ግን ትገረጣለች፣ ትለሰልሳለች፣ ከዚያ ጠብ ትላለች። እቴ ጥሩ የወደቁትን እየለቀመች ድንጋይ ላይ ትደረድራቸዋለች፤ ጎንበስ ብላም አንድ በአንድ ታያቸዋለች። ትልም የለባቸው፣ ጥርስም አልነካቸው።

ጎረቤቶች «ዓይን ነው» አሏት።

«ዓይን ከሆነ ጎመኔን ዘሎ ዱባዬን ብቻ የሚያይ ምን ዓይነት ዓይን ነው?» አለች እቴ ጥሩ።

እኔ ግን ምክንያቱን አወቅኩት። አንድ ቀን ጠዋት ጓሮ ቆሜ ሳለሁ ሳሌ ተነሳ። አጥሩን ይዤ እስከ ሆዴ ድረስ ሳልኩ። ሳሌ ሲበርድ ቀና ስል፣ ልክ ከፊቴ የነበረችው ዱባ ጠብ አለች።

ደነገጥኩ። እናቴ ስስል «ወደዚያ ዞረሽ ሳዪ፤ ሕፃኑ ላይ ይተላለፋል» ስትለኝ ትዝ አለኝ። ሕፃን ወንድሜ ላይ የሚተላለፍ ነገር በዱባ ላይ የማይተላለፍበት ምክንያት አልታየኝም። ዱባዎቹን የማሳምማቸው እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ በኋላ ሳሌ ሲመጣ በነጠላ አፌን አፍኜ በቤቱ ጀርባ ዞሬ እሮጣለሁ። እቴ ጥሩ «ይቺ ልጅ ጓሮ መግባት ለምን ተወች?» ትላለች። በልቤ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቶሎ መዳን። ገበያ የሚወጣ ዱባ ሳይኖር እቴ ጥሩ መስቀልን በምን ትውላለች?

ከጓሯችን ቀጥሎ የአያ ደምስ የባቄላ ማሳ ነበር። በመካከላችን ከበሬ እርምጃ ብዙም የማይሰፋ ድንበር አለ፤ ሳርና እሾህ የበቀለበት፣ በመስከረም አደይ የሚፈካበት። አያ ደምስ ልጅ ሳለ የቆሎ ተማሪ ነበር። ዜማውን ጨርሶ ቅኔ ቤት እንደገባ አባቱ ሞቱበትና ተመልሶ ሞፈር ጨበጠ። «እኔ የቅኔ ቤት በር ላይ የቀረሁ ሰው ነኝ» ይል ነበር። ስለዚህ ነው መሰል፣ ያለ ቃል ጨዋታ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አይልም። ሰዉ ይወደዋል። እኔም እወደው ነበር።

አንድ ማለዳ አያ ደምስ ጀርባው ላይ ሰማያዊ መርጫ አዝሎ ወደ ማሳው ሲገባ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት።

«አያ ደምስ፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«ባቄላው ታሞብኝ ነዋ የኔ ልጅ። ክሽክሽ የሚሉት ተባይ ገባበት። መድኃኒት ልሰጠው ነው።»

«ይድናል?»

«በአንድ ቀን! ቀጥ ነው የሚያደርግልሽ።»

ወደ ማሳው ገባ። እጀታውን ሲጫን መርጫው ቸስ ይላል፤ ነጭ ጉም በአበባው ላይ ይወርዳል። እኔ ያሰብኩትን አሁንም አስታውሳለሁ። እናቴ ደረቴን የምታሸው ቅባት መድኃኒት ነው። ጤና ጣቢያ የሰጡኝ ሽሮፕም መድኃኒት ነው። ሁለቱም ቀጥ አላደረጉልኝም። ይሄ ግን ባቄላን የሚያህል ነገር፣ ያን ሁሉ ማሳ፣ በአንድ ቀን ያድናል። እኔ አንድ ልጅ ነኝ። ትንሽ ይበቃኛል።

በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ድንበሩን ተሻገርኩና ባቄላው መካከል ገባሁ። ባቄላው ቁመቴን ያህል ስለነበር አያ ደምስ አላየኝም። ከኋላው ከኋላው እየተከተልኩ፣ ጉሙ በሚወርድበት በኩል አፌን ከፍቼ እስከቻልኩት ድረስ ወደ ውስጥ ሳብኩ። ይሰነፍጣል። ጥሩ መድኃኒት ሁሉ ይሰነፍጣል ብዬ ደግሜ ሳብኩ።

ከዚያ የማስታውሰው የተቆራረጠ ነው። አፌ ምራቅ ሞላ። የባቄላው ግንድ ሁሉ አንድ ላይ ወደ ግራ ዘመመ። ደረቴን ሰው የተቀመጠበት መሰለኝ። ሳል ፈለግኩ፤ ሳሉ እንቢ አለ።

እቴ ጥሩ ኋላ ስትናገር እንደሰማሁት፣ ያወጣት ድምፅ አይደለም፤ የድምፅ መጥፋት ነው። ጓሮ ሆና ጎመን ስትቀነጥስ ሳሌን ከማሳው በኩል ሰማችው። «እዚያ ምን ትሠራለች?» ብላ ቀና አለች። ከዚያ ሳሉ በመሀል ተቋረጠ። ያ ነው ያስሮጣት። ባቄላውን እየሰነጠቀች መጥታ አነሳችኝ፤ ቀሚሴን ቀድዳ አወለቀችና እንስራ ሙሉ ውኃ ደፋችብኝ። «ደምስ! ደምስ!» የሚለው ጩኸቷ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰምቷል ይላሉ። አያ ደምስ መርጫውን ከጀርባው ጥሎ፣ ልብሱን ለውጦ እጁን ታጥቦ፣ በጋቢ ጠቅልሎኝ ሮጠ። ባጃጅ ተገኘ። ጤና ጣቢያ ደረስን።

ስነቃ ክንዴ ላይ መርፌ ተተክሎ ነበር። እቴ ጥሩ አንድ እግሬን በሁለት እጇ ይዛ በአልጋው ግርጌ ተቀምጣለች። አያ ደምስ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ነርሷ «ደግነቱ ቶሎ አመጣችኋት፤ ቶሎም አጠባችኋት» እያለች ነበር።

«እዚያ ምን ልትሠሪ ገባሽ?» አለች እቴ ጥሩ።

«ልድን ነዋ።»

«ከምን?»

«ከሳሌ። አያ ደምስ መድኃኒት ነው ብሎኛል። ቀጥ ያደርጋል ብሎኛል። እኔ ካልዳንኩ ደግሞ ዱባዎቹ መውደቃቸውን አይተዉም።»

ከዚያ አያ ደምስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጀርባው ሲነቃነቅ አየሁ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ የሚስቅ መስሎኝ ተቀየምኩት።

እቴ ጥሩ ተነስታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ደምስ፣ ስማኝ። ልጅቷን አላየሃትም፤ እሱን አምንሃለሁ። ግን ከዛሬ ጀምሮ ያንን ነገር መድኃኒት ብሎ የሚጠራ ሰው በእኔ ደጅ አይለፍ። መርዝ ነው። መርዝ በለው።»

«መርዝ ነው፣ እቴ ጥሩ» አለ አያ ደምስ። «ይማሩኝ። መርዝ ነው።»

ለቃል የሚኖር ሰው ስለነበር፣ እሷም በቃል ነው የመታችው።

ወሬው ቀበሌውን አዳረሰ። በማግስቱ ሰናይት መጣች። ሰናይት የቀበሌው ልማት ሠራተኛ ናት፤ ወጣት፣ ጸጉሯን ሹሩባ የተሠራች፣ የጎማ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ የነካው። እኔን ልትጠይቅ ነበር የመጣችው። እግረ መንገዷን ጓሮ ገብታ የወደቁትን ዱባዎች አየች። አንዷን አንስታ በጥፍሯ ሰነጠቀቻት።

«እቴ ጥሩ፣ አበባው የሚፈካው መቼ ነው?»

«ማለዳ። ፀሐይ ሲበረታ ይከደናል።»

«አያ ደምስ የሚረጨውስ?»

«እሱም ማለዳ ነው። ነፋስ ሳይነሳ።»

ሰናይት ጣቷን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። «እስቲ ይስሙ።»

አዳመጥን። በአስፋልቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና አለፈ። ዶሮ ጮኸ። ከዚያ ምንም። ያ ሁሉ ቢጫ አበባ በፀሐይ ተከፍቶ አንዲት ክንፍ እንኳ አልተንቀሳቀሰችበትም።

እቴ ጥሩ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። «እኔኮ የሆነ ነገር ጎድሎብኛል እያልኩ ነበር» አለች። «ድሮ በዚህ ሰዓት ጓሮው እንደ ማኅበር ቤት ይንጫጫ ነበር። ንቡ፣ ጢንዚዛው፣ ያ ጥቁሩ ባለ ወፍራም ሆዱ። ለካ ዝም ብሎ ነው የከረመው።»

«አበባውን የሚያዋልዱት እነሱ ናቸው» አለች ሰናይት። «የወንዱን ዱቄት ወደ ሴቷ የሚወስድላት ከሌለ ሴቷ ትጠብቃለች፣ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ትወድቃለች። መርዙም ገደላቸው፣ የዱር አበባውም እየታረሰ አለቀባቸው። የልጅቷ ሳል ምንም አላደረገም።»

ይህን ስትል እኔን ነበር የምታየው። ልቤ ግን ወዲያው አላመነም።

ሰናይት ቀጥላ አሳየችን። ቀጭን አንገት ያለው፣ ከሥሩ ዱባ የሌለው አበባ ወንድ ነው። ከሥሩ ትንሽ ዱባ ያላት ሴት ናት። ወንዱን ቀጥፋ፣ ቅጠሎቹን ልጣ፣ መካከሉ ያለውን ቢጫ ዘንግ ሴቷ ውስጥ ቀስ አድርጋ አሸችው።

«በቃ?» አልኩ።

«በቃ። ንቧ እስክትመለስ አንቺ ንብ ነሽ።»

ሥራዬ ይህ ሆነ። በየማለዳው ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት፣ ጤዛው እግሬን እያራሰው፣ ወንዶቹን እየፈለግኩ ለሴቶቹ አደርሳለሁ። እኔ ግን ማዋለድ የሚለውን ቃል ትቼ ሰርግ አደረግኩት። ሙሽራዋ አንገቷን የደፋችው ስላፈረች ነው። ሙሽራው የቀጠነው ከሩቅ አገር በእግሩ ስለመጣ ነው። የማውቀውን የሰርግ ዘፈን ሁሉ በለሆሳስ እዘፍንላቸዋለሁ። እጄ እስከ ክርኔ ቢጫ ይሆናል። መምህራችን «ይህ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ሰርግ ውዬ ነው» ብዬ ክፍሉን አስቄያለሁ።

አንድ ማለዳ ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ መጣ።

«ሚዜው ማን ነው?»

አያ ደምስ ነበር። ከጤና ጣቢያው ወዲህ ጨዋታ ሲያወራ የመጀመሪያው ነው።

«አንተ አይደለህም!» አለች እቴ ጥሩ ከጎመኑ መካከል። ግን ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እሱም ገባው። ከዚያ በኋላ ክሽክሹን አመድ ነሰነሰበት፤ ሰናይት ያሳየችውን የሳሙና ውኃም ሞከረ። ግማሹ ለቀቀ፣ ግማሹ አለቀቀም። መርጫውን ግን በማለዳ አላነሳውም።

የዳርኳቸው ዱባዎች ያዙ። አውራ ጣት የምታክለዋ ቡጢ አከለች፤ ቡጢ የምታክለዋ የሕፃን ራስ። አንድ ቀን ማንም ሳያየኝ ከትልቋ ፊት ተንበረከክኩና ሆን ብዬ ሳልኩባት። የምሬን ነው የሳልኩት። ጠበቅኩ። አልወደቀችም። በማግስቱም ሄጄ ሳልኩባት። እዚያው ነበረች፤ እንዲያውም ወፈር ብላለች። ያኔ ነው ሰናይትን ያመንኳት።

ጥቅምት ገባ። ባቄላው ዘር ቋጠረ፤ አደዩም አለቀ። አንድ ከሰዓት ድንበሩ ላይ ለሙሽሮቼ ጌጥ የሚሆን ቀሪ አበባ ስፈልግ መሬቱ ላይ አንድ ቀዳዳ አየሁ። የእርሳስ ውፍረት የማታህል፣ ጠርዟ በቡናማ ሰም የተከበበች። በቀዳዳዋ አፍ ላይ አንዲት ጥቁር ዝንብ ጭንቅላቷን ብቻ አውጥታ ታየኛለች። በሆዴ ተኛሁ። ዝንቧ ወደ ውስጥ ገባች። ሌላዋ ከውጭ መጣች፤ በኋላ እግሮቿ ቢጫ ዱቄት ተሸክማለች። የማውቀው ዱቄት ነው! የእኔው ዱባ ዱቄት ነው።

እቴ ጥሩን እጇን ጎትቼ አመጣኋት። ጎንበስ አለች፣ ተንበረከከች፣ ከዚያ እንደኔ በሆዷ ተኛች።

«የአምላክ እናት!» አለች። «ጣዝማ! እዚሁ አፍንጫችን ሥር!»

ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። ድንበሩ የአያ ደምስ ይዞታ ነው። ባቄላው ሲነሳ ድንበሩን አርሶ ባሕር ዛፍ ሊተክልበት ችግኙን አዘጋጅቷል። ቀደም ብላም ድንበሩን ከነአበባው እንዲተወው ለምናው ነበር። «መሬት ጠበበኝ እቴ ጥሩ፤ አበባ አይበላ» ነበር ያላት። እሱም እውነቱን ነው።

በዚያው ሳምንት እናቴ መጣች። የጤና ጣቢያውን ነገር ከሰማች ጀምሮ መመላለሱን አልተወችም። ጣዝማ መገኘቱን ስትሰማ ፊቷ በራ።

«እንግዲያው ይቆፈር! ማሩ ይውጣላትና ትዳን።»

ለመቆፈር የሚጠራው ደግሞ አያ ደምስ ነው። ልጅ ሳለ ከብት ሲጠብቅ ጣዝማ በማውጣት የሚስተካከለው አልነበረም። መጣ። ቀዳዳዋን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ከጠፋች የቆየች መስሎኝ ነበር» አለ። «አንድ ሙሉ ዳገት ጨርሰናልኮ። እኔና ጓደኞቼ። ማሩን ልሰን፣ ጉድጓዱን ከፍተን ትተነው እንሄዳለን። ጉንዳን ይጨርሳታል።»

«ካላወጣናትም በማረሻህ ትሄዳለች» አለች እቴ ጥሩ።

«እሱም ነው።»

እናቴ ተቆጣች። «እቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጄ ከሞት አፋፍ ተመልሳለች። አሁን ለዝንብ ልንጨነቅ ነው?»

እቴ ጥሩ ዶማውን ከአያ ደምስ እጅ ወሰደችና መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ልጅቷም የእኔ ናት፤ ጓሮውም የእኔ ነው። ማሩ ይወጣል። ጣዝማዋም ትኖራለች። ሁለቱም ይሆናል።»

«ተደርጎ አያውቅም» አለ አያ ደምስ። «ጣዝማ ቤቷ ከፈረሰ አበቃላት።»

«ቤቷ የፈረሰባትን ማን ቤት ሰጣት? ለንብ ቀፎ ሠራን። ለጣዝማ ማድጋ የሰጠ ሰው ታውቃለህ?»

አያ ደምስ እጅጌውን ሰበሰበ።

የቆፈርነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ንቦቹ ወደ ቤታቸው ከገቡ በኋላ። አያ ደምስ ረጅም የሰንበሌጥ አገዳ በቀዳዳዋ ውስጥ ቀስ እያለ ሰደደ። አገዳው መንገዱን ያሳየዋል፤ እሱም አገዳውን እየተከተለ ይቆፍራል። ጉድጓዱ ወገቡ ደረሰ። ዶማውን ትቶ በእጁ ያዘ። በመጨረሻ እጁ ቆመ። ከጉድጓዱ ሽታ ወጣ፤ ጎምዘዝ ያለ፣ እንደ ጠጅ፣ እንደ ሎሚ፣ እንደ ቅጠል።

እቴ ጥሩ ፋኖስ አቀረበች። እንደ ወይን ዘለላ የተያያዙ ቡናማ ትንንሽ የሰም ጋኖች ነበሩ። ከመካከላቸው በስስ ሰም የተሸፈነ፣ ቡጢ የሚያህል ነገር። ጥቃቅን ጥቁር ንቦች በአያ ደምስ ክንድ ላይ፣ በጢሙ ላይ ወጡ፤ አንዲትም አልነደፈችውም። ልጆቻቸውና ንግሥቲቱ ያሉበትን ከነሽፋኑ በሁለት መዳፉ ታቅፎ አወጣው። ሕፃን እንደሚያነሳ ነው ያነሳው። እቴ ጥሩ ደረቅ ሳርና አፈር አንጥፋ ያዘጋጀችው ማድጋ ውስጥ አስቀመጠው። ከማር ጋኖቹ ለስንቅ እንዲሆናቸው የሚበዛውን አብሮ ከተተ። የቀረውን በጎድጓዳ ሳህን ለእናቴ ሰጣት።

«እንግዲህ ሰሙ ለእነሱ» አለ ላቡን እየጠረገ፤ «ወርቁ ለልጅቷ።»

ማድጋውን ከጓሮው ጥግ፣ ከጌሾው ሥር ቀበርነው። አንድ ቀጭን ሸንበቆ ከአፉ እስከ መሬት በላይ አቆምንላቸው፤ በር እንዲሆን።

ማሩን ያንኑ ምሽት ቀመስኩት። ቀጭን ነው፤ ከማንኪያው እንደ ውኃ ይፈስሳል። መጀመሪያ ይጎመዝዛል፤ ከዚያ ከምላስ ሥር ጣፋጩ ይመጣል። እናቴ ጠዋትና ማታ እያጎረሰችኝ ሳምንት ከረመች። ሳሌ በኅዳር ለቀቀኝ። ማሩ ይሁን፣ ጤና ጣቢያ የሰጡኝ አዲሱ መድኃኒት ይሁን፣ ወይስ ከወፍጮው ብናኝ መራቄ፣ ማንም አላጣራውም። እናቴ እስከ ዛሬ ማሩ ነው ትላለች።

ማድጋው ግን ጭጭ አለ። በማግስቱ ጠዋት ውጭ ያደሩ ጥቂት ንቦች የድሮው ጉድጓድ ላይ ሲዞሩ አየን። በኋላ እነሱም ጠፉ። ጉንዳን መጣ፤ እቴ ጥሩ ዙሪያውን አመድ ነዛች። በየዕለቱ ሸንበቆው አጠገብ እቀመጣለሁ። የሚወጣ የለም፣ የሚገባ የለም። አያ ደምስ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ዓይኑን ወደ ጌሾው ይወረውርና ሳይጠይቅ ይሄዳል። እናቴ «ተዪው የኔ ልጅ፣ ሞተዋል» ብላኝ ወደ ማርቆስ ተመለሰች። እቴ ጥሩ ብቻ ነች፣ «ቤት የቀየረ ሰው መጀመሪያ ውስጡን ነው የሚያሰናዳ፤ ደጅ አይወጣም» እያለች ጎመኗን የምትኮተኩተው። እርግጠኛ ነበረች። ወይም እርግጠኛ መሆንን መርጣ ነበር፤ ልጅ ስለነበርኩ ልዩነቱን አላውቅም።

አንድ እሑድ ማለዳ ሸንበቆው አፍ ላይ ቡናማ ነገር አየሁ። ጠጋ አልኩ። ሰፊው አፍ በሰም ጠብቦ እርሳስ የማታህል ቀዳዳ ብቻ ቀርታለች። በቀዳዳዋ ውስጥ አንዲት ጥቁር ጭንቅላት።

ጩኸቴ ሰፈሩን አስነሳ። እቴ ጥሩ ከቤት ወጣች። አያ ደምስ ከቅዳሴ እየተመለሰ ነበር፤ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ገባና ጌሾው ሥር፣ እርጥቡ አፈር ላይ በሆዱ ተኛ። አንዲት ወጣች። በአፍንጫው ፊት አለፈችና በአጥሩ ላይ ወደ ድንበሩ በረረች። ሌላ ወጣች። እሷም ወደ ድንበሩ።

አያ ደምስ ሁለቱንም በዓይኑ ተከተላቸው። ለረጅም ጊዜ አልተነሳም። ኋላ ቁጭ ብሎ አፈሩን ከደረቱ አራገፈ፤ አልለቀቀም።

«እቴ ጥሩ» አለ፣ «ድንበሩን አላርሰውም።»

«አንተን ማን ምን አለህ?» አለች እሷ።

«ማንም ምንም አላለኝም።» ድንበሩን በጣቱ አሳየ። «እርስዎ ቤት ሰጧት። ሳትበላ ውላ የምታድር እንግዳ ግን ተቀበልኩ አይባልም። ችግኙን ከወንዙ ዳር እተክለዋለሁ። እዚህ ምን ልዝራ? ይንገሩኝ።»

እቴ ጥሩ ቤት ገብታ በመቀነቷ ጫፍ የሱፍ ዘር ቋጥራ ወጣች፤ እጁን ይዛ ከፈተችና መዳፉ ላይ ዘረገፈችለት።